ችግኙን ትታችሁ እስቲ ኩሽናውን አሳዩን

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው ያመጣሁባችሁ። ቡና ያላችሁ ቡናችሁን ያዙ፤ ዳታ የምትቆጥቡ ደግሞ አትስጉ፣ ፎቶ የለበትም።

ነቀምት ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። ገና ሳይነጋ ከከተማው ዙሪያ ካሉ ቀበሌዎች እናቶችና ልጃገረዶች እንጨት አዝለው ይገባሉ። ወገባቸው ታጥፎ፣ ዓይናቸው መሬት መሬቱን እያየ፣ በሸክማቸው ርዝመት መንገዱን ዘግተው ነው የሚሄዱት። እኛ ቤት ነገሩ ማገዶ ተብሎ አያውቅም፤ እናቴ አማርኛ እያወራች እንኳ "ቆራን" ነበር የምትለው። ሸክሙ ደጃፍ ላይ ሲወርድ ከዋጋ በፊት አንድ ፍልጥ መዝዛ በሌላው ታንኳኳው ነበር። ደረቅ ከሆነ ጮኾ ይመልሳል፣ እርጥብ ከሆነ ድፍን ይላል። ድፍን ካለ ወይ ዋጋ ታስቀንሳለች ወይ አትገዛም። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ከሴቶቹ ሸክም ሌላ ደግሞ እስከ አናቱ ባሕር ዛፍ የተጫነ አይሱዙ እናይ ነበር። ልጅ ሆኜ ወደ ዳቦ ቤት ወይም ለግንባታ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። አንዱ መድረሻው የት እንደሆነ ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። የተማርኩበትን ግቢ ስም አልጠራም፤ ወለጋ ውስጥም አይደለም። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ የተማሪዎች የምግብ ኮሚቴ አባል ሆንኩ። ሥራችን የሚገባውን እህል ማስመዘንና "ሽሮው ለምን ቀጠነ" እያልን መጨቃጨቅ ነበር። አንድ ሌሊት እንጀራ ቤቱን እንድናይ ተላክን። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ሰው ሳይሆን ጭስ ነው። ግድግዳው ጥቀርሻ ለብሷል፣ ምጣዶቹ በረድፍ ተደርድረዋል፣ ከሥራቸው እሳት ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይወጣል። ዓይናቸው የቀላ አንዲት እናት ቀና ብለው አዩንና "ልጆቼ፣ ቶሎ ጠይቃችሁ ውጡ፣ እናንተ አልለመዳችሁትም" አሉን። እውነትም ከአሥር ደቂቃ በላይ አልቆየንም። እሳቸው ግን እስኪነጋ እዚያው ነበሩ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ዋናው አዳራሽ ውስጥ "አረንጓዴ ግቢ" የሚል ባነር ተሰቅሎ ዎርክሾፕ ተካሄደ። በየወንበሩ ፊት አንዳንድ የፕላስቲክ ውሃ ተቀምጧል። ስለ ዓለም ሙቀት፣ ስለ ካርቦን፣ ስለ ደን መመናመን ተነገረን። ከአዳራሹ እስከ እንጀራ ቤቱ ያለው ርቀት ሦስት መቶ ሜትር አይሞላም፤ ጭሱ በመስኮት ይታያል። አንድም ሰው አላነሳውም። እኔም አላነሳሁም። እውነቱን ለመናገር፣ አበል ይከፈላል ተብሎ ስለነበር ዝም ማለቱ ተሻለኝ።

ከዚያ ወዲህ "ዩኒቨርሲቲዎች ለአካባቢ ጥበቃ አርአያ ይሁኑ" የሚል ንግግር በሰማሁ ቁጥር የማስበው ስለዚያ እንጀራ ቤት ነው።

ችግኝ መትከልን የምጠላ እንዳይመስላችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 አገሩ በሙሉ ሲተክል እኔም ተክያለሁ። ነገር ግን እስካሁን በእጄ ገብተው ባየኋቸው የግቢ ሪፖርቶች "የተተከለ ችግኝ" የሚል ዓምድ አለ፣ "የነደደ እንጨት" የሚል የለም። በአንድ እጅ እየተከልን በሌላው የምናነደውን ካልቆጠርን ሂሳቡ አይዘጋም። ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍትና ላቦራቶሪ ከመሆኑ በፊት ብዙ ሺህ ሰው የሚበላበት፣ የሚታጠብበት፣ ሽንት ቤት የሚገባበት ከተማ ነው። በዚህ ከተማ ውስጥ ትልቁ እሳት የሚነደው ለእንጀራ ነው። በአገራችን ቤተሰብ ከሚጠቀመው ጠቅላላ ኃይል ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለእንጀራ መጋገሪያ እንደሚውል ባለሙያዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ይህን ወደ ግቢ አምጥታችሁ በሺዎች አባዙት።

ለተማሪ በቀን የሚመደበው የምግብ ብር ለዓመታት ስንት እንዳጨቃጨቀን ታስታውሳላችሁ። 15 ብር ነበረ፣ ወደ 22 ከፍ አለ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 100 ብር ገባ። ያ ሁሉ ጭቅጭቅ ስለ ወጡ ነበር። ስለ እሳቱ ማን ተጨቃጨቀ?

አሁን ወደ ቀያችን እንምጣ። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን በነቀምት፣ በጊምቢና በሻምቡ ግቢዎች አሉት። ቆይቶ ደምቢ ዶሎም የራሱ ዩኒቨርሲቲ ኖረው። እነዚህ ግቢዎች ዛሬ በእያንዳንዱ ምድጃቸው ምን እንደሚያነዱ እነሱው ይንገሩን፤ እኔ የማወራው ስላላቸው ዕድል ነው። እያንዳንዳቸው የተቀመጡት ለማገዶ ሌላ መልስ በሚሰጥ መሬት ላይ ነውና።

ከሻምቡ ልጀምር። ሆሮ ጉዱሩ ውስጥ የፊንጫኣ ግድብ አለ። ንጉሡ ከመውረዳቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ሥራ የጀመረ፣ የጮመንን ረግረግና ዙሪያውን የነበረውን የእርሻና የግጦሽ መሬት ውጦ ሐይቅ ያደረገ ግድብ ነው። የማመንጨት አቅሙ 134 ሜጋ ዋት ነው። ያኔ ከመሬታቸው የተነሱ ሰዎች ልጅና የልጅ ልጆች ዛሬም እዚያው አካባቢ አሉ፤ ብዙዎቹ መብራት ለማየት ስንት ዓመት እንደፈጀባቸው ጠይቋቸው። ዘግይቶ ደግሞ የአመርቲ ነሼ ማመንጫ 97 ሜጋ ዋት ጨመረ። እንግዲህ ትንሽ ሂሳብ እንሥራ፤ ግምት ነው፣ ግን ከእውነት ሩቅ አይደለም። 10 ሺህ ተማሪ ያለው ግቢ እንበል፣ እያንዳንዱ በቀን አራት እንጀራ ይብላ። 40 ሺህ እንጀራ ሆነ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ይስባል፣ አንድ እንጀራ በሦስት ደቂቃ ያወጣል ብንል ለአንዱ እንጀራ 0.175 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሄዳል። ለቀኑ በሙሉ 7 ሺህ ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት ነው። ፊንጫኣ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ በአንድ ሰዓት ብቻ የሚያመነጨው ለዚህ ግቢ ከሁለት ሳምንት በላይ እንጀራ ይጋግራል። የአንድ ሰዓት ውሃ!

"መብራቱስ ይጠፋል እኮ" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ይጠፋል። ያለፉት ዓመታት የጸጥታ ችግር ስንት ነገር እንዳቋረጠብን ለወለጋ ሰው አልነግረውም። ነገር ግን ሕዳሴው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ከተመረቀ በኋላ "አገሪቱ ኃይል የላትም" የሚለው መልስ አይሠራም። የጎደለው ትራንስፎርመር፣ መስመርና የግቢው ውስጥ ሽቦ ነው። ይህ ደግሞ ወጪው የሚታወቅ፣ በዕቅድ የሚያልቅ ሥራ ነው። ታሪፉም ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እያለ ነውና መብራት ለዘላለም ርካሽ ነው አልልም። ግን እንጨትስ ረክሶ ያውቃል? ሁሉንም ምጣድ በአንድ ጊዜ ወደ ኤሌክትሪክ አዙሩ ያለ የለም። ግማሹ በመብራት ይሁን፣ መብራት ሲጠፋ የሚይዘው ግማሽ ደግሞ ቢያንስ እሳቱን የሚሰበስብ ምድጃና ጭስ ማውጫ ይኑረው። ከሲሚንቶና ከፑሚስ ድንጋይ የሚሠራው ምርት ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም፣ ብዙ የገጠር ቤት ደርሷል። ገበሬዋ ቤት የገባ ምድጃ ኢንጂነሪንግ ፋኩልቲ ያለው ግቢ ሳይገባ ሲቀር ምን ይባላል?

የፊንጫኣ ጉድ ግን በመብራቱ አያበቃም። ስኳር ፋብሪካውን ታውቁታላችሁ። አገዳው ተጨምቆ የሚቀረውን ገለባ ራሱ አንድዶ ለራሱ ኃይል ያመነጫል። ከሞላሰሱ ደግሞ ኤታኖል ያወጣል። ያ ኤታኖል አዲስ አበባ ሄዶ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ መኪና ነድቶበታል። ከዚህም አልፎ ሶማሌ ክልል፣ ቀብሪ በያህ የስደተኞች ጣቢያ ድረስ ተጉዞ በኤታኖል ምድጃ ምግብ በስሎበታል፤ የስደተኛ እናቶች ለእንጨት ሲሉ ሩቅ ወጥተው እንዳይደፈሩና እንዳይደበደቡ ተብሎ የተጀመረ ሥራ ነበር። አስቡት፣ ከሆሮ ጉዱሩ ተነስቶ ጅጅጋን ያለፈ ነዳጅ! ከፋብሪካው ከሁሉ የሚቀርበው ሻምቡ ነው። እንጀራ በኤታኖል ይጋገር አላልኩም፣ ለምጣድ አይመችም። ወጡና ሻዩ ግን? ቢያንስ አንድ ግቢ ውስጥ አንድ ዓመት ተሞክሮ፣ ተለክቶ፣ "አላዋጣም" ቢባል እንኳ እውቀት ነው። ለዚህ አይደል እንዴ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው።

ጊምቢ ደግሞ ቡና ነው። የዓለም ነጋዴ "ለቀምት" ብሎ የሚጠራው ቡና የዚህ አገር ቡና ነው፤ ስሙ የድሮው የነቀምት ስም ነው። ወለጋ ቡናውን በአብዛኛው በደረቁ ነው የሚያዘጋጀው። ጀንፈሉ መፈልፈያ ሲገባ ከክብደቱ ግማሽ ገደማ ቅርፊት ሆኖ ይወጣል። አንድ ኩንታል የተፈለፈለ ቡና ወደ አዲስ አበባ በተጫነ ቁጥር አንድ ኩንታል ገደማ ቅርፊት እዚያው ቀርቷል ማለት ነው። ሁሉም አይጣልም፣ ማዳበሪያ የሚያደርገው ገበሬ አለ፣ እሱን አንነካውም። ነገር ግን በየመፈልፈያው ጓሮ ተከምሮ ዝናብ የሚመታውን፣ እየበሰበሰ ወደ ወንዝ የሚወርደውን አይተነዋል። ይህ ተጨፍልቆ ብሪኬት ቢሆን ወይም ለእሱ በተሠራ ምድጃ ቢነድ የግቢውን ኩሽና በከፊል ይይዛል። እንዲሁ ዘርግፈው ቢያነዱት ግን ከእንጨት የባሰ ጭስ ነው፤ ያለ ምድጃው ቅርፊቱን ብቻ ማምጣት እናቶቹን ሁለተኛ መቅጣት ነው። ጊምቢም ሆነ ደምቢ ዶሎ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ያጣ ተማሪ ካለ፣ ይኸውለት።

ስለ ሽንት ቤት ላውራ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ቡና ይዛችኋል። ሩዋንዳ ውስጥ እስር ቤቶች በብዙ ሺህ እስረኛ ተጨናንቀው፣ ማገዶ የመንግሥትን በጀት እየበላ፣ ፍሳሹ ወደ ወንዝ እየወረደ ነበር። የኪጋሊ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ተቋም ምሁራን ከመሬት በታች ትልልቅ የባዮጋዝ ጉልላቶች ሠሩላቸው። የእስረኛው ዓይነ ምድር ወደ ጋዝ ተለወጠ፣ የማገዶ ፍጆታው በግማሽ ገደማ ቀነሰ፣ የተረፈው ዝቃጭ ማዳበሪያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2005 አሽደን የሚባለውን ዓለም አቀፍ የኃይል ሽልማት አገኙበት። እዚህ ላይ ልብ የምትሉት፣ ሥራውን የሠራው ራሱ ዩኒቨርሲቲ መሆኑን ነው። እኛ አገር መምጠጫ መኪና እየተከራየን ጋዙን ከነማዳበሪያው ከፍለን እናስወጣለን። በባዮጋዝ እንጀራ መጋገር ከባድ ነው፣ ሙቀቱ ለሰፊ ምጣድ ይቸግራል፤ ሽሮና ሩዝ ግን ይችላል። ከካፌ የሚተርፈውም ምግብ አለ። ቡሌ እየተባለ በበር የሚወጣው የድሃ ጉርሻ ነው፣ እሱን ለጋዝ አልመኝም። የሚበላሸውና ማንም የማይነካው ግን እዚያው ጉድጓድ መግባት ይችላል።

እንግዲህ "ይህ ሁሉ እየታወቀ ለምን አይሠራም?" ለሚለው ብዙ ሰው "ግንዛቤ የለም" ይላል። እኔ አልስማማም። ግንዛቤው ሞልቷል፣ ለግንዛቤ ስንት ዎርክሾፕ ተበልቷል። ችግሩ በጀቱ የተሠራበት መንገድ ነው። እንጨት የሚገዛው በመደበኛ በጀት ነው፤ በየዓመቱ ይገባል፣ በየዓመቱ ያልቃል፣ ማንም አይጠይቅም። ምድጃ፣ ትራንስፎርመር፣ ባዮጋዝ ደግሞ ካፒታል በጀት ነው፤ ለዚያ ደግሞ ደብዳቤ፣ ጨረታ፣ ማብራሪያ፣ ከዚያም "ዘንድሮ አልተፈቀደም" ይመጣል። ቆጣቢ ኃላፊ ተገኝቶ ማገዶውን በግማሽ ቢቀንስ የተረፈው ብር ሰኔ 30 ላይ ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል፣ ለሚቀጥለው ዓመትም "ለካ ይህን ያህል አያስፈልጋችሁም" ተብሎ ይቀነስበታል። ታዲያ ለምን ይቆጥባል? ማባከን የማያስጠይቅበት፣ መቆጠብ የሚያስቀጣበት አሠራር ነው። ሰኔ ሲመጣ ያለውን ሩጫ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ወንበር ይገዛል፣ ጎማ ይገዛል፣ ብቻ ብር አይመለስ።

እዚህ ጋ አንድ በር እየተከፈተ ይመስለኛል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን ራስ ገዝ ለማድረግ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1294/2015 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን አስቀድሞ ሌሎችን ለማስከተል ታስቦ የወጣ ነው። ስለ አዋጁ ብዙ የምፈራው ነገር አለ፣ በተለይ ለድሃ ተማሪ፤ ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ። ነገር ግን ራስ ገዝ የሆነ ግቢ የቆጠበውን ለራሱ የማዋል ዕድሉ ይሰፋል። ያኔ ማገዶ ከኪስ የሚወጣ ብር ይሆናል። ናይሮቢ ያለው ስትራትሞር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2014 ጣሪያዎቹን በ600 ኪሎ ዋት የፀሐይ ኃይል የሸፈነው ከማንም የበለጠ ዛፍ ስለወደደ አልነበረም፤ የመብራት ሂሳቡን ራሱ ስለሚከፍል ነው። የሚተርፈውንም ለአገሪቱ የመብራት ድርጅት ለመሸጥ ተዋውሏል።

እስከዚያው ግን ያለ ምንም ካፒታል በጀት ዛሬ የሚሠራ አንድ ነገር አለ። እናቴ ፍልጡን ስታንኳኳው ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ገና የተቆረጠ እርጥብ ባሕር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ ገደማው ውሃ ነው። በኩንታል ለሚገዛ ተቋም ይህ ማለት የገንዘቡ ግማሽ ውሃ ገዝቷል ማለት ነው። ከዚያ ያንን ውሃ ለማትነን ሌላ እንጨት ያነዳል፤ ጭሱም የሚብሰው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው በበጋ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ገዝቶ፣ ፈልጦ፣ ከላይ ቆርቆሮ ከጎን ንፋስ ባለው መጠለያ ደርድሮ ማድረቅ ነው። ይኸው ነው። ግዥ ክፍሉ ግን ጨረታው ባለቀበት ወር፣ አብዛኛውን ጊዜ ዝናብ ላይ፣ የቀረበለትን ያስገባል። አይሱዙ ላይ ወጥቶ ፍልጥ የሚያንኳኳ የግዥ ኮሚቴ እስካሁን አላየሁም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት እንደሞተ ይናገራል። እዚያ ቁጥር ውስጥ የሚገቡት በቤታቸው የሚያበስሉት ናቸው። በተቋም እንጀራ ቤት በፈረቃ እየገቡ ለደመወዝ ጭስ የሚውጡት እናቶች ደግሞ ቤታቸው ሲመለሱ ሌላ ምድጃ ይጠብቃቸዋል። ግቢ ውስጥ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለ፣ ክሊኒክ አለ። የእነዚህን ሴቶች ሳንባ በዓመት አንድ ጊዜ መመርመር ስንት ያስወጣል?

ውሃ ላይ አጭር ላድርገው፣ ምንም እንኳ የሚያናድደኝ እሱ ቢሆንም። ነቀምት በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚያገኝ ከተማ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ሲዘንብ አንድ ሊትር ነው። 1,000 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው አንድ ሕንፃ በዓመት 2 ሚሊዮን ሊትር ይወርድበታል፤ አምስተኛው ባከነ እንበል፣ 1.6 ሚሊዮን ይቀራል። 80 ሺህ ጀሪካን! በዚህ ሁሉ ዝናብ መሀል ጀሪካን ተሸክሞ ዶርም ደረጃ የሚወጣ ተማሪ ማየት ለእኔ እንቆቅልሽ ነው። እርግጥ አንድ ችግር አለ፣ ልሸፋፍነው አልፈልግም። ዝናቡ የሚበረታው ከግንቦት እስከ መስከረም ነው፣ ያኔ አብዛኛው ተማሪ እረፍት ላይ ነው፤ ውሃ የሚጠፋው ደግሞ በጥርና በየካቲት ነው። ጣሪያ ሥር የተቀመጠች አንዲት ሮቶ ለሁለት ቀን አትበቃም። ስለዚህ ከመሬት በታች የሚቀበር ትልቅ ማጠራቀሚያ ያስፈልጋል፣ እሱም ሕንፃው ሲሠራ አብሮ ቢሠራ ነው የሚረክሰው። ቢያንስ ከእንግዲህ የሚሠራ ዶርም ያለ ማጠራቀሚያ እንዳይፈቀድ። የሚጠጣ ባይሆን ለሽንት ቤት፣ ለልብስና ለወለል ይሆናል።

መኪናው፣ ጄኔሬተሩ፣ ፌስታሉ? አሉ፣ ይቆጠሩ። መንግሥት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ በ2017 ዓ.ም. አጽድቋል፣ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባም ከ2016 ጀምሮ ከልክሏል። ግን እነዚህ በሕግ የሚሄዱ ናቸው። የግቢን ኩሽና የሚነካ ሕግ እኔ አላየሁም፣ ለዚህ ነው እሱ ላይ የቆየሁት።

አንድ ሙግት ቀርቷል፣ ከባዱ እሱ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ሳወራ አንድ የጉቶ ጊዳ ገበሬ ዘመዴ "አንተ ልጅ፣ የእኔን ባሕር ዛፍ ማን ሊገዛኝ ነው?" ብሎኛል። ትክክል ነው። ለእሱ ባሕር ዛፍ ባንክ ነው፤ ልጁ ሲታመም ይቆርጣል፣ ማዳበሪያ ሲወደድ ይቆርጣል። ደጋግ የከተማ ሰዎች "ባሕር ዛፍ መሬት ያደርቃል" እያሉ ሲያወግዙት የገበሬውን ሌላ ገቢ አይነግሩትም። እኔ ለእሱ የሰጠሁት መልስ፣ ግንድህን ለማገዶ ከምትሸጠው ለግንባታና ለምሰሶ ብትሸጠው ይሻላል የሚል ነበር። አልተዋጠለትም፤ "ጠማማውንስ?" አለኝ። ጠማማው ይነድ፣ ግን ደርቆ ይነድ፣ ግማሹ ይበቃል። የሚያሳስበኝ ከእሱ ማሳ የሚመጣው ሳይሆን ከየት እንደመጣ ሳይጠየቅ በጨረታ የሚገባው ነው። ከነቀምት ወጣ ብሎ ያለው የኮምቶ ደን ዓይነት የተፈጥሮ ደን አንዴ ካለቀ በአንድ ሐምሌ ዘመቻ አይመለስም። አቅራቢው እንጨቱ የማን ማሳ እንደነበረ የሚያሳይ ወረቀት እንዲያመጣ መጠየቅ የአንድ መስመር የጨረታ ሰነድ ነው። የጀርባ ሸክም የሚያመጡት እናቶች ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ከእነሱ አይገዛም፣ ነገር ግን ዩኒቨርሲቲ በገፍ ሲገዛ በአቅራቢያው ያለው እንጨት ይርቃል፣ እነሱ የሚሄዱት መንገድ ይረዝማል።

ከወለጋ ዩኒቨርሲቲም፣ ከደምቢ ዶሎም፣ ከሌላውም የምጠይቀው ትልቅ ስትራቴጂ አይደለም። አራት ቁጥር በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ባለፈው ዓመት ስንት ሜትር ኩብ እንጨት ነደደ፣ ስንት ሊትር ናፍጣ ተቃጠለ፣ ስንት ውሃ ገባ፣ ስንት ምግብ ተደፋ። በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ ላይ ያው አራት ቁጥር ከጎኑ ይለጠፍ። ከዚያ ችግኙን እንቆጥራለን።

በየግቢው ንብረት ክፍል፣ ግዥ፣ ካፌ የምትሠሩ አንባቢዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። የግቢያችሁን ቁጥር የምታውቁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ ስም አላወጣም። በተለይ የጊምቢና የሻምቡ ሰዎች፣ ቅርፊቱንና ኤታኖሉን የሞከረ ካለ፣ ከሽፎም ቢሆን፣ እንዴት እንደከሸፈ መስማት እፈልጋለሁ። እንጀራ ቤት የምትሠራ እናት ወይም አክስት ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቁልኝ፦ አይሱዙው ገብቶ እንጨቱ ሲራገፍ፣ ደረቅ ይሁን እርጥብ ማን ነው የሚያየው?